ስክሌሮደርማ በጊዜ ይታወቅልን፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስክሌሮደርማ የተባለው ሕመም በጤና ጣቢያ ደረጃ በጊዜ እንዲለይና ታማሚዎቹም ተገቢውን ክትትል እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ እንጀራ ጋግራ በማስረከብ ልጆቿን ያሳደገች ታላቅ እህቴ በስክሌሮደርማ ስለታመመች ነው። ወረፋ ስንጠብቅ የተዋወቅናቸው ሌሎች ታማሚዎችና አስታማሚዎችም ጽፈህ አሰማልን ብለውኛል። የተነሣሁት ውድ መድኃኒት ከውጭ ይምጣልን ለማለት አይደለም፤ እሱንም ቀኑ ሲደርስ እንጠይቃለን። ዛሬ የምለምነው በእጃችን ስላለው ነገር ነው፤ ጣት አገላብጦ የሚያይ ባለሙያ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የሽንት ምርመራና ጥቂት የታወቁ እንክብሎች። እነዚህ ነገሮች ከታማሚው ጋር በጊዜ ሳይገናኙ እየቀሩ ሊተርፍ የሚችል ሰው ይሞትብናል።

ስክሌሮደርማ የሰውነት መከላከያ ኃይል ገዛ አካሉን ሲያጠቃ ከሚመጡ ሕመሞች አንዱ ነው። መጀመሪያ የሚጎዱት ጥቃቅን የደም ሥሮች ናቸው። ቀጥሎ ኮላጅን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠሩት ሕዋሳት ያለ ልክ ያመርቱና ቆዳው ይወፍራል፣ ይወጠራል፣ በመጨረሻም እንደ ደረቀ ቁርበት ይጠነክራል። ጣት አልታጠፍ፣ አፍ እንደ ልብ አልከፈት ይላል። ይኸው ጠባሳ በምግብ ቧንቧ፣ በሳንባ፣ በልብና በኩላሊትም ውስጥ ይሠራል። ሞርፊያ የሚባል በቆዳ ላይ ብቻ የሚወሰን ዓይነት አለ፤ እሱ የውስጥ አካልን ስለማያጠቃ እዚህ አላነሳውም። የእኔ ጉዳይ ሲስተሚክ ስክሌሮሲስ የሚባለው፣ መላ አካልን የሚነካው ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከአምስት ታማሚዎች አራት ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ አንዲት እናት ቤቷን በጫንቃዋ በተሸከመችበት ወቅት ነው። አዲስ መጤ በሽታም አይደለም፤ በ1753 እ.ኤ.አ. ካርሎ ኩርዚዮ የተባለ ሐኪም በኔፕልስ ከተማ ቆዳዋ የጠነከረባትን ወጣት ሕመም ጽፎ አስቀምጧል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ ገና ሲጀምር ምልክት ይሰጣል። ከመቶ ታማሚዎች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ሬይኖ የሚባለው ችግር አለባቸው። ብርድ ሲነካቸው ወይም ሲጨነቁ የጣቶቻቸው ደም ሥር ይጨመደድና ጣቱ ይነጣል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ሲሞቅ እየጠዘጠዘ ይቀላል። ጥቁር ቆዳ ላይ የቀለሙ ለውጥ በእጅ ጀርባ በኩል በቅጡ ላይታይ ስለሚችል፣ መዳፉን ገልብጦ የጣቶቹን ጫፍና ጥፍሩን ማየት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ጣቶቹ ያብጣሉ፤ ጠዋት ጠዋት ቀለበት አልወጣ ይላል። እህቴ ሌሊት ተነሥታ በቀዝቃዛ ውኃ ሊጥ ስታቀጥን ጣቶቿ እንጨት እየሆኑ ምጣዱ ላይ ታሞቃቸው ነበር። ይህን ለጠየቃት ሁሉ ተናግራለች። በተለይ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ጣት መንጣት ከጀመረና የጣት እብጠት ከተጨመረበት፣ ሐኪሙ ስክሌሮደርማን አስቦ ኤኤንኤ የተባለውን የደም ምርመራ ማዘዝ አለበት፤ ይህ ምርመራ ከመቶ ታማሚዎች በዘጠና ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ላይ ምልክቱን ያሳያል። በጥፍር ሥር ያሉት ጥቃቅን ደም ሥሮች ተለጥጠው ወይም ጠፍተው እንደሆነም የቆዳ ሐኪም በሚይዘው ዴርማቶስኮፕ ወይም የዓይን ውስጥ በሚታይበት ኦፍታልሞስኮፕ፣ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጎ ማየት ይቻላል። የቆዳውን ጥንካሬ ለመለካት ደግሞ መሣሪያም አያስፈልግም። ባለሙያው በሰውነት ላይ 17 ቦታ ቆዳውን በጣቱ ቆንጥጦ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 51 ይደርሳል። በየጥቂት ወሩ ይህን መዝግቦ ማወዳደር ሕመሙ እየሮጠ ይሁን እየተረጋጋ ይናገራል። በ2013 የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት በጋራ ባወጡት መለያ፣ የሁለቱም እጆች ጣቶች ቆዳ ወፍሮ ጣትና መዳፍ ከሚገናኙበት መጋጠሚያ ካለፈ፣ ሌላ የሚያብራራው ሕመም እስከሌለ ድረስ ስክሌሮደርማ ነው ለማለት እሱ ብቻውን በቂ ነው።

እህቴን ግን መጀመሪያ ብርድ ነው አሏት። ከዚያ ቁርጥማት ነው፣ ሪህ ነው፣ ነርቭ ነው ተባለ። ደረቷን ሲያቃጥላትና ምግብ ሲያንቃት ጨጓራ ነው ተብሎ የባክቴሪያ መድኃኒት ደጋግማ ዋጠች። ደረቅ ሳል ሲጀምራት፣ አክታዋ ላይ ምንም ሳይገኝ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ጀምራ ጨረሰች፤ ሳሉ ግን እንዳለ ነበር። እያንዳንዱ ባለሙያ የተናገረው በየቀኑ የሚያየውን በሽታ ነው። ጣቷን፣ ደረቷን፣ ሳሏንና ቆዳዋን አንድ ላይ አድርጎ ያየላት ግን አልነበረም፤ ሕመሙም የሚታወቀው ተሰብስቦ ሲታይ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያቆሰላት የጎረቤት ሹክሹክታ ነው። ደረቷና አንገቷ ላይ ቆዳው ሲነጣ ለምጽ ነው አሉ፤ ጣቶቿ ሲኮማተሩና ጫፋቸው ሲቆስል ደግሞ የሥጋ ደዌ ነው ተባለ። ደንበኞቿ እንጀራዋን መውሰድ ተዉ። ልዩነቱን ለሚያውቅ ሰው ግን መለየቱ ከባድ አልነበረም። የሥጋ ደዌ የነካው ቆዳ ስሜቱን ያጣል፤ ታማሚው ሳያውቀው ይቃጠላል፣ ይቆረጣል። በስክሌሮደርማ የቆሰለ ጣት ግን ስሜቱ አለ፤ ልብስ ሲነካው እንኳ ያማል። ንጣቱም ከለምጽ ይለያል። በነጣው ቆዳ መካከል በየጸጉሩ ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ስለሚቀር ጨውና በርበሬ የተደባለቀ ይመስላል፤ ይህ ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ ጎልቶ ይታያል። አገራችን የሥጋ ደዌን ለመለየት እጅና እግር የሚመረምሩ ሠራተኞችን ስታሠለጥን ቆይታለች፤ አለርት ከ1965 ጀምሮ ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል። እጅ ማየት የለመደ ባለሙያ አለን ማለት ነው። ለዚያ ሥልጠና አንድ ክፍል ጨምሩልን። የተኮማተረ ጣት ይዞ መጥቶ ስሜቱ ያልጠፋ ሰው ሲያዩ ስክሌሮደርማን እንዲያስቡ ይነገራቸው።

አሁን ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ዋና ነገር ላይ ደርሻለሁ፤ የኩላሊቱ ጉዳይ ነው።

የቆዳው ጥንካሬ በፍጥነት በመላ አካል በሚሰራጭበት የስክሌሮደርማ ዓይነት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ውስጥ፣ የአንዳንድ ታማሚዎች የኩላሊት ደም ሥሮች በድንገት ይጠባሉ። ግፊቱ በቀናት ውስጥ ይንራል፤ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ አንዳንዴም መንቀጥቀጥ ይመጣል። ኩላሊቱ በሳምንታት ውስጥ ሊቆም ይችላል። ድሮ ይህ የደረሰበት ሰው ተስፋ አልነበረውም። ከ1979 ጀምሮ ካፕቶፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት ሲሞከር ነገሩ ተለወጠ። በ1990 ከፒትስበርግ የወጣ ጥናት፣ የዚህ ዘር መድኃኒት ካልወሰዱት ታማሚዎች መካከል አንድ ዓመት የተሻገሩት ከመቶ 15 ብቻ ሲሆኑ ከወሰዱት ግን 76 እንደሆኑ አሳይቷል። ካፕቶፕሪልና የዘሩ አባል የሆነው ኢናላፕሪል የቆዩ፣ ርካሽና በየፋርማሲው የሚታወቁ መድኃኒቶች ናቸው። በስክሌሮደርማ ሕክምና ውስጥ በዚህን ያህል ትንሽ ገንዘብ ይህን ያህል ሕይወት ያተረፈ ሌላ መድኃኒት እኔ አላውቅም።

ነገር ግን መድኃኒቱ የሚያድነው ሳይዘገይ ሲጀመር ነው። ብዙ ስክሌሮደርማ ያለባቸው ሴቶች ግፊታቸው ዝቅተኛ ነው፤ እህቴ ደህና በሆነችበት ጊዜ ልኬቷ 100 በ60 ነበር። እንዲህ ያለች ሴት 145 በ90 ይዛ ብትመጣ፣ በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንሺ ተብላ ትሸኛለች። ለእሷ ግን ይህ የአደጋ ደወል ነው፤ ከለመደችው ከ40 ነጥብ በላይ ወጥቷል። በዚያው ቀን ሽንቷና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሪያቲኒኗ፣ መታየት አለበት። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላም ክሪያቲኒኑ ጥቂት ቀን መጨመሩን ሊቀጥል ይችላል፤ ያን አይቶ ማቆም ስሕተት ነው፣ ግፊቱ እስኪወርድ መጠኑ ይጨመራል። የኩላሊት እጥበት ውስጥ የገቡ እንኳ መድኃኒቱን ሲቀጥሉ ከወራት በኋላ ከእጥበት የወጡ አሉ። በአንጻሩ ቀውሱ ሳይመጣ ለመከላከል ብሎ ቀድሞ መስጠት እንደማይጠቅም ታውቋል። ስለዚህ መከላከያችን መለካት ነው። እያንዳንዱ አዲስ ታማሚ የግፊት መለኪያ ቤቱ ይኑረው፤ ባይችል በሰፈሩ ጤና ኬላ በሳምንት ሁለቴ በነጻ ይለካለትና በደብተር ይጻፍለት።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያስፈራኝ ልማድ አለ። መገጣጠሚያው ያበጠ፣ ጣቱ የወፈረ ሰው ሁሉ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ይታዘዝለታል፤ አንዳንዱም ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ ገዝቶ ለወራት ይውጠዋል። እብጠቱ ሲቀንስ ደስ ይላል። በስክሌሮደርማ ግን በቀን 15 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ ይህንኑ የኩላሊት ቀውስ የመጥራት ዕድል እንዳለው ከ1998 ጀምሮ በጥናት ተጽፏል። አሁን እየወሰዳችሁ ያላችሁ ታማሚዎች ይህን አንብባችሁ በድንገት እንዳታቆሙ አደራ፤ ሰውነት ስለለመደው በአንዴ መተው ራሱ አደገኛ ነው፣ በሐኪም እጅ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። ሚኒስቴሩን የምጠይቀው በሕክምና መመሪያው ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ በጉልህ እንዲሰፍርና ፋርማሲዎችም እንዲያውቁት ነው።

ኩላሊቱ ከታለፈ ሳንባው አለ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በስክሌሮደርማ ምክንያት ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የሚወስደው የሳንባ ጠባሳና በሳንባ ደም ሥር ውስጥ የሚፈጠር ግፊት ነው። አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች፣ ጥቁር ታማሚዎች ሕመሙ በለጋ ዕድሜ እንደሚጀምራቸውና ሳንባቸውም ይበልጥ እንደሚጎዳ ያሳያሉ፤ በሲያትልም በዋሽንግተንም ያላችሁ ወገኖቻችን ይህን ልብ በሉት። ተራ ኤክስሬይ የመጀመሪያውን ጠባሳ አያሳይም። ሕመሙ እንደታወቀ አንድ የደረት ሲቲ ስካን፣ የትንፋሽ አቅም መለኪያ የሆነው ስፓይሮሜትሪና የልብ አልትራሳውንድ መነሻ ሆነው መያዝ አለባቸው። ጠባሳው ከተገኘ የሚያዘገየው መድኃኒት አለ። ሳይክሎፎስፋማይድ እንደሚረዳ በ2006 ታይቷል፤ በ2016 ደግሞ ሁለት ዓመት የተወሰደ ማይኮፊኖሌት ከእሱ ያላነሰ እንደሚሠራና ሰውነትም ይበልጥ እንደሚችለው ተረጋግጧል። ማይኮፊኖሌት ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት መድኃኒት ነው። በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ ለሐኪሞቻችንም እንግዳ አይደለም። ችግሩ ለስክሌሮደርማ ታማሚ ሳይቋረጥ የሚደርስበት መንገድ አለመኖሩ ነው። የዘመድ ሻንጣ ከውጭ እስኪመጣ ሳንባ አይጠብቅም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ መድኃኒት ጽንስ ስለሚጎዳ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ሲታዘዝ የወሊድ መከላከያ ምክር አብሮ መሰጠት አለበት፤ እኛ የምናውቃት አንዲት ታማሚ ይህን የሰማችው ከሌላ ታማሚ ነው።

ኒንቴዳኒብና ቶሲሊዙማብ የተባሉት አዳዲስ መድኃኒቶች በ2019 እና በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለሳንባው ጠባሳ ተፈቅደዋል። ዋጋቸው ለእኛ ገና ሩቅ ስለሆነ አልዘገይባቸውም።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ግን ብዙ ነው፤ እሱም ሕክምና ነው። ለጣት መንጣት ኒፊዲፒን ይረዳል፤ ለቃር ኦሜፕራዞል በተከታታይ መወሰድ አለበት። ጣት ብቻ ሳይሆን ደረትና ሆድ መሞቅ አለባቸው፤ አካሉ የበረደው ሰው ጓንት ቢያደርግም ጣቱ ይነጣል። የአልጋን ራስጌ ከፍ ማድረግ፣ ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ መብላት፣ በልቶ ቶሎ አለመተኛት። ጣቶችን በየቀኑ ሞቅ ባለ ውኃ አላልቶ መዘርጋትና ማጠፍ፣ አፍን ከፍቶ ማለማመድ። ቆዳን በቫዝሊን ማለስለስ። ሲጋራ ጨርሶ መተው፤ ጫትም ደም ሥር ስለሚያጠብ መራቅ። ለጉንፋን የሚሸጡ አፍንጫ የሚከፍቱ እንክብሎችና ፕሮፕራኖሎል የተባለው የግፊት መድኃኒትም ጣቱን ሊያብሱት ስለሚችሉ ፋርማሲስቶች እባካችሁ ጠይቃችሁ ስጡ።

ይህን ካነሣሁ ዘንድ ለቤተ ክርስቲያን አባቶችም በአክብሮት አንድ ነገር ላቅርብ። አብዛኞቻችን ጠበል እንሄዳለን፤ እህቴም ሄዳለች፣ ነፍሷም ተጽናንታለች። ግን በደጋ አገር ሌሊት በቀዝቃዛ ውኃ መጠመቅ ለዚህ ሕመም ጣት የሚያሳጣ ቁስል ሊያመጣ ይችላል። አባቶች ሆይ፣ ጣቱ የሚነጣና የሚቆስል ምእመን ሲመጣ ጠበሉን እንዲጠጣ ወይም ፀሐይ ሞቅ ሲል እንዲረጭ ፍቀዱለት፤ እንክብሉንም ከጠበሉ ጋር እንዲቀጥል በአንደበታችሁ ንገሩት። የእናንተ አንድ ቃል ከሐኪሙ አሥር ምክር ይበልጥ ይሰማል።

ወንዶችን የሚመለከት አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። የድንጋይ አቧራ፣ በተለይ ሲሊካ የበዛበት፣ ከዚህ ሕመም ጋር ግንኙነት እንዳለው ከመቶ ዓመት በላይ ታውቋል። በ1914 ኤድንበርግ ውስጥ በድንጋይ ጠራቢዎች፣ በ1957 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ላይ ተጽፏል። በአገራችን ስንት ወጣት ኮብልስቶን ሲጠርብ፣ ስንቱ በኳሪ ውስጥ አፉን በሻሽ ጠቅልሎ ሲውል እናያለን። ሻሽ ደቃቁን አቧራ አያግድም። ድንጋዩን አርጥቦ መሥራትና ተገቢ ጭንብል መስጠት ይህን ሕመምም፣ ሲሊኮሲስ የተባለውን ከአቧራው የሚመጣ የሳንባ በሽታም ይቀንሳል፤ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይህን ከእናንተ ጋር ቢይዘው መልካም ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የኖረ ወንድ ጣቱ መንጣት ሲጀምር ሐኪሙ ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀው።

ክቡራን፣ ጥያቄያችንን በግልጽ ላስቀምጠው። ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥዕል ያለው አንድ ገጽ ይዘጋጅ፤ የነጣ ጣት፣ ያበጠ ጣት፣ ጨውና በርበሬ የመሰለ ቆዳ፣ ከሥሩም የት እንደሚላክ። ሥዕሎቹ የኢትዮጵያውያን እጆች ይሁኑ፤ በመጽሐፍ ያለው ነጭ እጅ ለእኛ ባለሙያ ብዙ አያሳየውም። ታማሚዎች የሚመዘገቡበት አንድ አገር አቀፍ መዝገብ ይከፈት፤ ስንት እንደሆንን ሳይታወቅ መድኃኒት በስንት ሊገዛ ይችላል? ማይኮፊኖሌትም ለንቅለ ተከላ ብቻ ሳይሆን በዚህ ሕመም ስምም ይገዛ፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ይሸፍነው። የመድን ደብተሩን ይዞ ከገጠር የመጣ ሰው ከውጭ ግዛ ሲባል ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው። የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት እስኪበዛ ድረስ ደግሞ በየክልሉ ቢያንስ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ለዚህ ይሠልጥንና አዲስ አበባ ካሉት ጋር በስልክ ይገናኝ፤ በውጭ አገር ያላችሁ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም ሲቲ ስካን በማንበብ ልትረዱን ትችላላችሁ።

የዓለም ስክሌሮደርማ ቀን በየዓመቱ ሰኔ 22 ይውላል። ሥዕላዊው አንድ ገጽ እስከሚቀጥለው ሰኔ ለአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች እንኳ ቢደርስ ጅማሬ ነው። ገጹ ሲዘጋጅ እጃቸውን ለፎቶግራፍ የሚሰጡ፣ ስማቸው ሳይጠቀስ ታሪካቸውን ለባለሙያ የሚነግሩ ታማሚዎች አሉን፤ እህቴ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ ብላለች። በጠራችሁን ቀን እንመጣለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የአንዲት ታማሚ ወንድም፣ ከሰሜን ሸዋ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር